እናቴና ሰባቱ ገጾች

እኔ የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ፣ ፕሮግራመሮች «ሊያልቅ ነው» ባሉ ቁጥር «መቼ?» እያልኩ መነዝነዝ ነው። እናቴ «ለዚህም ደመወዝ ይሰጡሻል?» ትለኛለች። አዎ ይሰጡኛል። ከኔ የባሰ ነዝናዛ ቢያገኙማ እሱን ይቀጥሩ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ነው፤ ካሉት አራት አሳንሰሮች አንዱ ሁልጊዜ ብልሽት ላይ ነው። ሰው ታክሲ የሚጠራበት፣ ሒሳብ የሚከፍልበት፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚይዝበት አፕ የኛ ነው። የቀጠሮው ክፍል የኔና የስድስቱ ልጆቼ ነው። ልጆቼ የምላቸው ፕሮግራመሮቹን ነው እንጂ አንዱስ አባቴን ያህላል።

ፕሮጀክቱ የተወለደው ከእናቴ ጉልበት ነው። በየሳምንቱ ጉልበቷን ትታከማለች፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ደግሞ የሚከፈተው ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ያንን ለመያዝ ሰባት ገጽ ማለፍ ነበረባት። ስለዚህ ልክ አራት ሰዓት ሲል ትደውልልኛለች።

«አሁን ምን ይላል እማዬ?»

«‹ቀጥል› ይላል።»

«እሱን ንኪው።»

«ነካሁት። ደሞ ‹ቀጥል› ይላል። ኧረ ይሄ ሰውዬ እስከ የት ነው የሚያስቀጥለኝ?»

አምስተኛው ገጽ ላይ የጎረቤቷን ልጅ ሠርግ ታወራልኛለች። ስድስተኛው ላይ መክሳቴን በድምፄ ታውቃለች። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ የተሰጠን ጊዜ ያልቅና ከአንድ እንጀምራለን። አርባ ደቂቃ! በየሐሙሱ! ሦስት ዓመት ከታገስኩ በኋላ አንድ ቀን ስልኩን ዘግቼ፣ «ይሄን ነገር አንድ ገጽ ባላደርገው እኔ ሰው አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ስምንት ወር ፈጀብን። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራውን መሥራት ሩቡ ነው፤ ቀሪው ማሳመን ነው። በዚያ ላይ አረንጓዴው አለ። አረንጓዴው የምንለው የክፍል ኃላፊያችንን ነው። በየሳምንቱ ሪፖርት ይላካል፤ ሥራው ደህና ከሆነ በአረንጓዴ፣ ካሰጋ በቢጫ፣ ከታመመ በቀይ ይቀለማል። እኔ ቀይ ብዬ የላክሁትን ሁሉ እሱ አረንጓዴ አድርጎ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። አንዴ ሰርቨሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሞቶ ሪፖርቱ ለምለም መስክ መስሎ ነበር። ብቆጣው «አለቃን ማስደንገጥ ነውር ነው» አለኝ።

አለቃው ግን መጨረሻ ላይ ራሱ አስደነገጠን። አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ያለው ትልቁ አለቃ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ሐሙስ ካልደረሰ ቡድኑ ይበተናል» የሚል አንድ መስመር ላከ። ስድስቱ ልጆቼ ስድስት ፎቅ ላይ ሊከፋፈሉ ነው። እየተሰዳደቡ እንኳ የሚደማመጡ ልጆች ናቸው፤ እንዲህ እስኪሆኑ ስንት ደክሜባቸዋለሁ! እንቅልፍ አጣሁ፣ የእናቴን ስልክ ማንሳትም ተውኩ። ሦስት ሐሙስ ሙሉ የታናሽ ወንድሜን ቁጥር ላክሁላት።

ረቡዕ ደረስን። በመሥሪያ ቤታችን ልማድ አዲስ ነገር ለሁሉም በአንዴ አይለቀቅም፤ መጀመሪያ ከአሥር ደንበኛ ለአንዱ በዕጣ ይሰጣል። ቢበላሽ የሚጮኸው ያው ከአሥር አንዱ ብቻ ነው። ለቀቅነው፤ ምንም ሳይበላሽ ሠራ! አባቴን የሚያህለው ፕሮግራመር ወንበር ላይ ወጥቶ እስክስታ መታ፣ መውረድ ግን አቅቶት ደግፈን አወረድነው።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ተጠራን። ልጆቼ በረጅሙ ጠረጴዛ ዳር ተደረደሩ። አረንጓዴው ተነሥቶ፣ «ደርሷል! ሕዝብ እየተጠቀመበት ነው!» አለ።

ትልቁ አለቃ መነጽሩን አጠለቀና የራሱን ስልክ አወጣ። አንዴ ነካ። ደገመ። ሰለሰ። እየቆጠረ መሆኑ የገባኝ አራተኛው ላይ ነው።

«ሰባት ገጽ» አለ።

ክው አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ ያልፈተሽነው ነገር የለም፤ የትልቁን አለቃ ስልክ ዕጣው ውስጥ ማስገባት ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

«ጌታዬ፣ ዕጣው ስላልደረሰዎት ነው» አልኩ።

«በገዛ ቤቴ ዕጣ አይደርሰኝም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ! በሉ አሁኑኑ አስገቡኝ።»

«ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፈራሚ ፈቃድ ላይ ነው።»

«ይሄን የጅል ደንብ ማን አወጣው?»

ሁሉም ጠረጴዛውን አየ። «እርስዎ ነዎት» አልኩ። ምላሴን ምን እንደነካው እንጃ።

ስልኬን ዘረጋሁለት። «ይኸው፣ እኔ ላይ አለ።»

«እናንተ ስልክ ላይማ የማይሠራ ነገር አይቼ አላውቅም! ላም አለኝ በሰማይ ሰለቸኝ። ከዚህ ግቢ ውጭ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ አሳዩኝ። አለዚያ ቡድኑን በትኑት።»

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። እማዬ። አራት ሰዓት ሆኗል ለካ! ዘጋሁት። መልሳ ደወለች፤ ዘጋሁት። ደግማ ደወለች። የአረንጓዴው ፊት ቢጫ ሆነ።

«ማን ነው?» አለ ትልቁ አለቃ።

«እናቴ ናት፣ ይቅርታ።»

«ሦስቴ በደወለች እናት ላይ ስልክ አይዘጋም። አንሺው።»

በችኮላ ስነካው ድምፁን ለጠረጴዛው ሁሉ ከፈትኩት።

«አንቺ! ምን አድርጋችሁት ነው?»

«እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ። ምን ሆነ?»

«ሰባቱ ገጽ ጠፋብኝ! ገና ስከፍተው ‹እንደ ወትሮው ሰኞ ሦስት ሰዓት ይሁን?› ይለኛል፤ ፊደሉ ጡጫ ያህላል! ነካሁት። ‹ተይዟል› ብሎኝ ቁጭ!»

ዕጣው ለእናቴ ደርሷል! ትልቁ አለቃ ጎንበስ ብሎ ወደ ስልኩ ተጠጋ። «እናቴ፣ ስንት ጊዜ ነኩት?»

«አንዴ። አንተ ማነህ ልጄ?»

«እዚሁ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያው በሞቴ፣ ወደ ድሮው መልሱልኝ።»

«ለምን? አልሠራም?»

«መሥራቱንማ ይሠራል! እሱ ነዋ ችግሩ። ልጄን የማገኛት በሰባቱ ገጽ ሰበብ ነበር። ሰሞኑን እንኳ የወንድሟን ቁጥር ትልክልኛለች፤ እሱማ ቶሎ ያስጨርሰኛል፣ ምን ያደርግልኛል? አሁን ምን ብዬ ልደውልላት?»

ከልጆቼ አንዱ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ፊቴ ነደደ። ስምንት ወር ሙሉ እሷን የገላገልኳት መስሎኝ የተገላገልኩት እኔ ነበርኩ። «እማዬ፣ እደውልልሻለሁ» አልኩና ዘጋሁት።

ትልቁ አለቃ መነጽሩን አወለቀ። «ደርሷል» አለ። «ደንበኛ ካማረረበት በደንብ ደርሷል። ቡድኑ ባለበት ይቀጥል።» ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ስንወጣ «ሄሎ እማ፣ እኔ ነኝ። ኧረ ደህና ነኝ፣ እንዲያው ነው የደወልኩት» ሲል ሰማሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣሁት።

«ተበላሽቷል» አለች እናቴ።

«ውይ! ቀጠሮው ሳይያዝ ቀረ?»

«ኧረ ይዣለሁ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት...» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ብቻ ተበላሽቷል።»

«እማዬ፣ ይሄ በስልክ የሚታይ አይደለም። ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።»

«ሥራ አይበዛብሽም?»

«ሥራዬ ነው።»

የዚያን ሳምንት ሪፖርት ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ በእውነት አረንጓዴ። ከታች ግን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የእናቴ ስልክ፤ ብልሽቱ አልታወቀም፤ ቅዳሜ ቦታው ድረስ ሄጄ አያለሁ።» ቀይ ቀለም ቀባሁትና ላክሁት።

አረንጓዴው አንብቦ ወደ ላይ አሳለፈው። ቀለሙን አልነካውም።