አራቱንም ዋጥኳቸው ያለው ሰውዬ

ሰውዬው ፍርድ ቤት መሀል በገዛ ምላሱ ተያዘ። ወላሂ፣ ዳኛው ራሳቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ ፋይሉን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ ሳቄ አያስጨርሰኝም።

ሰውዬው ኑርሁሴን ነው፣ ከሚሴ የታወቀው የፍየል ነጋዴ። ሲሄድ ደረቱ ቀድሞት ነው የሚደርሰው። ወንድሜ ሳዳም ደግሞ ባጃጅ ይነዳል፤ ቤታችን የሚበላው ከዚያች ባጃጅ ነው። አንድ የገበያ ቀን ሳዳም በሰው መሀል ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ኑርሁሴን ዋጋ እየተከራከረ ወደኋላ ወደኋላ ሲል ባጃጇ ነካችው። ነካችው ነው የምላችሁ። ሊሸጣት የያዛት ፍየል ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከሱ ይልቅ የጮኸችው ፍየሏ ናት። ተነሳ፣ ሽርጡን አራገፈ፣ "ሂድ ልጄ፣ ደህና ነኝ" አለው።

በነጋታው መንጋጋውን በፋሻ ጠምጥሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። "በግራ በኩል ያሉትን አራት የታች ጥርሶቼን አረገፈብኝ" ብሎ ከሰሰ። ከአንድ የግል ክሊኒክ ማህተም ያለበት የሕክምና ማስረጃም ይዟል። የጻፈለት ሰውዬ አፉን እንኳ ያስከፈተው አይመስለኝም። ሳዳም ታሰረ፣ ባጃጇም ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆመች። እናቴ ስንቅ ስታመላልስ ጉንጯ ሟሸሸ። ከተፈረደበት እስሩ አለ፣ ካሳው አለ፣ ባጃጇም ለካሳው መሸጧ ነው።

ዳኛው ግን ወረቀቷ አልጣመቻቸውም። ኑርሁሴን ደሴ ሄዶ ራጅ እንዲነሳ አዘዙ፣ ራጁን ያነበበችውንም የጥርስ ሐኪም ለምስክርነት ጠሯት። ዶክተር ኢልሃም ትባላለች፣ ዝግ ብላ ነው የምታወራው። እኔም የጥርስ ሐኪም ነው የምሆነው። እስካሁን ነርስ እሆናለሁ ስል የነበረውን ተዉት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው መጀመሪያ ኑርሁሴንን፣ "የረገፉት ጥርሶች የት አሉ?" አሉት።

"ዋጥኳቸው፣ ጌታዬ።"

"አራቱንም?"

"በድንጋጤ ነው።"

ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ "ያ ረቢ፣ በውሃ ነው በደረቁ?" ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ዶክተሯ ተነስታ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። "ጥርስ ሲነቀል ቀዳዳው ወራት ይቆያል" አለች። "እዚህ ግን ቀዳዳ የለም፣ አጥንት ሞልቶታል። ጎረቤት ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ተጋድሟል፣ ከላይ ያሉትም ወደታች ወርደዋል። ይሄ ሁሉ ከአደጋው ወዲህ ባሉት ሳምንታት አይመጣም።"

"ሐሰት ነው" አለ ኑርሁሴን። "ጥርሴ ብረት ነበር።"

"እሺ አባባ" አለች፣ ቁጣ የለ ምን የለ። "ጫት ይቅማሉ?"

ደረቱ ተነፋ። ስለ ጫት ሲጠይቁት እንዴት ዝም ይበል? "እኔማ እንደ ጎረምሳ ቅጠል አላመነዥክም። ሚስቴ በሙቀጫ ወቅጣ፣ ስኳር ጣል አድርጋ ታቀርብልኛለች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካምና ጀምሮ ነዋ፣ ያ የግራው ባዶ ከሆነ..." ብሎ ቀረ። እጁ ወደ ፋሻው ሄደ። ጥርስ የሌለው ሰው ካልሆነ ማን ጫቱን ያስወቅጣል? ከሚሴ ውስጥ ይሄንማ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሰውዬው ግን ወግ ያወራ መስሎት ነው።

ሳዳም ተፈታ፣ ባጃጇም ወጣች። ፖሊሱ "በሐሰት ማስረጃ ስለከሰሰህ አንተም እሱን መክሰስ ትችላለህ" ብሎ ነገረው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስንት ጥሩ ነበር።

ዛሬ ግን ኑርሁሴን ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣ። ፋሻው አሁንም አለ፣ ምኑን እንደሚያስርበት አላህ ይወቅ። ሼህ ዓብዱ፣ ሰፈራችንን ሁሉ የሚያስታርቁት፣ "ሳዳም መክሰሱን ይተው፣ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት" አሉ። እናቴ "ማል ጎና፣ ምን እናድርግ፣ ጎረቤት ነው" ብላ አውፍ አለች። ሳዳምም፣ የታሰረው እሱ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ አውፍ አለ። ወንድሜ ቅቤ ነው።

ሼሁ ግን "በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ቂም ይዞ ከቀረ ዱዓ አላደርግም፣ እርቁም የለም። ልጅቱስ?" አሉ።

ልጅቱ እኔ ነኝ።

ኑርሁሴን ቀና ብሎ አየኝና "የኔ ልጅ፣ ሸይጧን አሳስቶኝ ነው" አለ። ሸይጧን ክሊኒክ ድረስ ሄዶ ማህተም አስመታለት ማለት ነው።

"ውሃ ልጠጣ" ብዬ ጓዳ ገባሁ። እናቴ "ኧረ ነይ፣ ሰው አስቀምጠሽ" እያለች ነው። አውፍ ብል ነገ ገበያ መሀል ደረቱን ነፍቶ ሌላ ባጃጅ ይፈልጋል። እምቢ ብል ደግሞ የሳዳምን ቃል አፈረስኩ፣ ሽማግሌ አዋረድኩ፣ እናቴም ሰፈር ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?