አዞ መንገድ የሚለቅለት

ኦንዲጎ በኮንዴሌ አደባባይ ጥግ ብስክሌት ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ሰው የሚያውቀው ግን በካላማዳሪያ ጠጋኝነቱ ሳይሆን በአፉ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን የናም ዩናይትድ ስም አውጪ እሱ ነው። በከተማችን በኪሱሙ ደግሞ ይህ ቀላል ሹመት አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ሐዘን ቤት ገብቶም ሆነ መጠጥ ቤት ተቀምጦ፣ ዘፈኑን አስቁሞ "እኔ የእገሌ ልጅ፣ እንዲህ ያደረግኩት፣ እንዲያ የሆንኩት" እያለ ራሱን ካላሞገሰ መኖሩም ያጠራጥራል። ኦንዲጎ ይህን ልማድ ወደ ስታዲየም ወሰደው። ግማሹን እሱ በሜጋፎን ይጠራል፣ ግማሹን ሕዝቡ ይመልሳል። "በሩን ቆልፎ ቁልፉን የዋጠው!" ሲል ስድስት ሺህ ሰው "ራዲንግ!" ይላል፤ ግብ ጠባቂያችን ራዲንግም ያን ሰምቶ ሁለት ክንድ የረዘመ ይመስለዋል።

ካወጣቸው ስሞች ሁሉ ግን አንዱን የሚያህል የለም። የዛሬ ስምንት ዓመት ከዱንጋ የመጣ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያወርድ ያደገ፣ አጭርና ደንዳና አጥቂ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጫወት፣ ሦስት ተከላካዮች እንደ ተነጋገረ ሰው ግራና ቀኝ ዞር አሉለት። ኦንዲጎ አፉ ላይ የመጣለትን ጮኸ። "አዞ መንገድ የሚለቅለት!" አለ። ሕዝቡም ማንም ሳያስጠናው "ኦጎላ!" ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየእሁዱ፣ በዝናብም በፀሐይም እንዲሁ ሆነ። ሰው ሲያስነጥስ "ይማርህ" እንደሚባለው ሁሉ ኮንዴሌ ውስጥ "አዞ መንገድ የሚለቅለት" ያለ ሰው "ኦጎላ" ሳይባል አይቀርም ነበር። ገበያ ውስጥ ጋሪ የሚገፉ ሰዎች እንኳ መንገድ ለማስለቀቅ በዚሁ ይጮሁ ነበር።

ከዚያ ኦጎላ ሄደ። አካሄዱ ነው እንጂ መሄዱስ ባልከፋ። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀር፣ በሁለት ነጥብ እየመራን፣ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ሲለማመድ ውሎ ሰኞ ዳሬሰላም ላይ የታንዛኒያውን ክለብ የሚናዚን ማሊያ ይዞ ፎቶ ሲነሣ አየነው። ደህና ሁኑ የለ፣ ምን የለ። ሦስተኛ ሆነን ጨረስን። ሦስተኛ! ዋንጫው አፋችን ደርሶ ሲመለስ ያየነውን እኛ ነን የምናውቀው። አደባባዩ አጠገብ ባለው ግንብ ላይ የተሳለውን ፊቱን በዚያው ሳምንት ጭቃ ለቀለቅነው። ዝናብ መጥቶ አጠበው፤ በቀለም ላጥፋው ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እሱ ደግሞ አማረበት። ሚናዚን ሁለት ጊዜ የታንዛኒያ ሻምፒዮን አደረገ። የደጋፊው ሊቀ መንበር ሚን አዊቲ፣ የአዊቲ እናት ማለት ናት፣ ኪቡዬ ገበያ ሰልባጅ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የማያንስ ሴት፣ "የዚያን ከሃዲ ጨዋታ ሲያይ የተገኘ ትሪቡን አይገባም" ብላ አወጀች። አዋጁ ተከበረ። ማንም አያይም። ግን ሰኞ ጠዋት ስንት እንዳገባ፣ በየትኛው እግሩ እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ ተቀይሮ እንደ ወጣ የማያውቅ ሰው ኮንዴሌ ውስጥ አይገኝም። ማን ነገረህ ቢባል "ሰው ሲያወራ ሰማሁ" ነው መልሱ።

ሌላው የተናደደው ለዋንጫው ነው። ኦንዲጎ ግን የራሱ ቁስል ነበረው። ዓምና አንድ ከሰዓት ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ሲፈልግ፣ ሬዲዮ ላይ የዳሬሰላም ጋዜጠኛ ኦጎላን ሲጠይቅ ሰማ።

"ከተማው ሁሉ 'አዞ መንገድ የሚለቅለት' እያለ ይዘፍንልሃል፤ ስሙን ማን አወጣልህ?"

ኦጎላ ሳቀ። "ምን ልበልህ፣ የኮንዴሌ ሕዝብ አወጣው" አለ።

ኦንዲጎ እጁ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። "ሕዝብ?" አለ። "ሕዝብ አፍ አለው? አፉ እኔ አይደለሁም እንዴ?" ብስክሌት ሊያስጠግኑ የተቀመጡት ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይህ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የድንጋይ ቤት አልሠራ፣ ቢሮ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ አላስተማረ። የሠራው ነገር ቢኖር ያ ስም ነው። እሱንም ድንበር ማዶ ወስደው አባት የለውም አሉት።

ዘንድሮ በአህጉሩ ዋንጫ ዕጣ ሲወጣ ናም ከሚናዚ ጋር ደረሰ። ኦጎላ ሊመጣ ነው። ደጋፊው በሚን አዊቲ የሰልባጅ መደብ ዙሪያ ተሰበሰበ።

"ፉጨት ነው የሚያዋጣው" አለ አንዱ የሞተር ብስክሌት ነጂ። "ኳስ በነካ ቁጥር ጆሮው እስኪደማ ማፏጨት።"

"ፉጨትማ ማንንም እናፏጭበታለን" አለች ሚን አዊቲ። "ለእሱ ሌላ ያስፈልገዋል። እስቲ ኦንዲጎ፣ ዝም አልክ እኮ፤ አንተ ዝም ስትል ያስፈራኛል።"

"ስሙን እቀማዋለሁ" አለ ኦንዲጎ።

ሰው የሞተ እንደሆነ እንኳ የሙገሳ ስሙ አይወሰድበትም፤ መቃብሩ ላይ ይጠራል እንጂ።

"ለማን ልትሰጠው?" አለች ሚን አዊቲ።

"ለኦሙጋ።" ኦሙጋ የኦጎላን ቦታ የያዘው አጥቂ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ገና ስም አልነበረውም። "ኳስ ኦሙጋ እግር ስትገባ እጠራለሁ። እኔ 'አዞ መንገድ የሚለቅለት' ስል እናንተ 'ኦሙጋ' ትላላችሁ። ያ ሌባ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ ይስማ።"

ሚን አዊቲ ጭኗን መታ ሳቀች። "አቤት ክፋትህ! ይሁን።"

"ጃዱዎንግ" አለ ሞተረኛው፣ ትልቅ ሰው ሲከበር በሚጠራበት ስም፣ "ምላስ እኮ ልማድ አለው። ብንስትስ?"

"ምላስህን ያዛታ! ያንተ አይደለችም?"

እዚያው ሰልባጁ መሃል ተለማመዱት። አሥር ጊዜ ጠራ፣ አርባ ሰው አሥር ጊዜ "ኦሙጋ!" አለ። አንድም የሳተ አልነበረም። አርባው ለሌላው እንዲያስተላልፍ ታዘዘ።

የጨዋታው ቀን ስታዲየሙ በስድስት ሰዓት ሞላ። ኦጎላ ሲወጣ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰውነቱ ሞልቷል፣ ፀጉሩን ቢጫ ተቀብቷል።

"ዓይንህን ለአፈር!"

"ኡጋሊ ገንፎህን ረስተህ በሩዝ ተነፋህ ወይ?"

"የበሰለ ሙዝ አስመስሎ የቀባህ ማነው!"

"የዱንጋ ዓሣ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ እሱ ሲሸት ይታወቃል!"

ይህን የጮኸችው ሚን አዊቲ ናት። ኦጎላ ወደ ትሪቡኑ ዞሮም አላየ። ያ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባቸው። ኦንዲጎ ብቻ ሜጋፎኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ኳስ ኦሙጋ እግር እስክትገባ ይጠብቃል። ሌሎች ስሞችን እንኳ አልጠራም፤ ራዲንግ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አይቶት ምን ሆኖ ነው ሳይል አልቀረም።

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ኳስ ለኦሙጋ ደረሰችው። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛው ተከላካይ ተንሸራተተ፣ ፊቱ ላይ ግብ ጠባቂው ብቻ ቀረ። ኦንዲጎ ወንበሩ ላይ ወጣ። ሁለት ዓመት ሆዱ ውስጥ የተቀመጠውን ንዴት በሙሉ ሜጋፎኑ ውስጥ ከተተው።

"አዞ መንገድ የሚለቅለት!"

"ኦጎላ!" አለ ስታዲየሙ።

ስድስት ሺህ ሰው ነው። አርባዎቹም ጭምር። ሚን አዊቲ ራሷ ከሁሉም አስበልጣ ነው የጮኸችው። ወዲያው ሁሉም አፉን በእጁ ያዘ። ኦሙጋ ምስኪኑ የሰማውን ማመን አቅቶት ከኋላዬ መጣብኝ ብሎ ዞረ፤ በዞረበት ኳሷን ተቀማ። ከሚናዚ ተከላካይ ወደ አማካዩ፣ ከአማካዩ መሃል ሜዳ ላይ ስሙን ሰምቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቆመው ወደ ኦጎላ ሄደች። ኦጎላ ይዟት ሮጠ። ተከላካዮቻችን ግራና ቀኝ ዞር አሉለት፣ የድሮው ነገር ነው። ራዲንግን የዋጠውን ቁልፍ አስተፋው።

ጎሉ ሳይበቃው ወደ ትሪቡናችን ሮጦ መጥቶ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። እንደገና ጥሩኝ ማለቱ ነው። የውኃ ጠርሙስ ዘነበበት።

እሱ ላይ ያልደረሰው ቁጣ ኦንዲጎ ላይ ዞረ።

"አንተ ነህ ያስገባህብን!" አለ ሞተረኛው። ጃዱዎንግ ማለቱን ትቶት ነበር።

"እኔ ነኝ እንዴ 'ኦጎላ' ያልኩት? አርባችሁን ቀን ሙሉ አስጠንቼ!"

"አሥር ጊዜ አስጠናኸን፣ ስድስት ዓመት አስለመድከን! የቱ ይበልጣል?"

ሚን አዊቲ አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ ሜጋፎኑን ከእጁ ወሰደችና ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት። ሃያ ዓመት ከእጁ ያልወጣ ዕቃ ነው። ኦንዲጎ ሁለተኛውን አጋማሽ እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ጨረሰ።

ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ። ኦንዲጎ ግን ስለ ውጤቱ አልነበረም የሚያስበው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሱ ቃል አፋፍ ብቻ አይደለም፣ ስድስት ሺህ አፍ ውስጥ ነው የገባው። ባለቤቱ መጥቶ መልሱልኝ ሲል እንኳ አልመለሱለትም። "የኮንዴሌ ሕዝብ አወጣው" ያለው ያ ቢጫ ራስ አልዋሸም ማለት ነው። ዋሽቶ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ውሸታምን መጥላት ቀላል ነው። አሁን ግን እውነት የተናገረ ሰው መጥላት ሊኖርበት ነው፣ ጠላውም።

ብስክሌት መጠገኛ ጥጉ ጋ ሲደርስ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ በንዴት ጋጠው። አደባባዩ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የሚናዚ አውቶቡስ በዚህ ነው የሚያልፈው። ሚን አዊቲ ሜጋፎኑን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ፊት ቆማለች። አውቶቡሱ ሞተር ብስክሌቶቹ መሃል ገብቶ መንቀሳቀስ አቃተው። ሰዉ ጎኑን በመዳፉ ይደበድበዋል፣ ጭቃ ይለጠፍበታል፣ ቆረቆንዳ ይወረወርበታል።

"ውረድ! ወንድ ከሆንክ ውረድ!"

አንድ መስኮት ተከፈተ። ቢጫው ፀጉር ወጣ። ከኋላው አንድ ሰው ማሊያውን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ኦጎላ ከታች የሚሰድበውን ሰው ትቶ በዓይኑ ብስክሌቶች የተሰቀሉበትን ጥግ ፈለገ፤ አገኘው።

"ጃዱዎንግ ኦንዲጎ!"

ጩኸቱ ትንሽ ቀነሰ። ኦጎላ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ሐዘን ቤት እንደሚቆም ሰው።

"እኔ የዱንጋው የኦቤራ ልጅ! ጎማ ጠጋኙ ኦንዲጎ ስም ያወጣልኝ! አዞ መንገድ የሚለቅለት!"

ብሎ ጠበቀ።

ይህን ብሎ የሚጠብቅን ሰው ሳይመልሱ መተው እኛ ዘንድ በጥፊ ከመምታት ይብሳል። ሰዉም ያንን ያውቃል። ስለዚህ ዝም አለ። አደባባዩ በሙሉ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ፤ ሚን አዊቲ ዳግመኛ እንዳታመልጣት አፏን በሻሿ አፍናለች። ከሰዓት ስታዲየም ውስጥ የጠፋው ዝምታ አሁን ተገኘ። ኦጎላ ከመስኮቱ እንደ ወጣ ቀረ፤ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ሄደ። ኦንዲጎ ያንን ሲያይ ደስ አለው። ይህንን ነበር የፈለገው። ይህንኑ እያሰበ፣ ዋንጫውን እያሰበ፣ ሦስተኛ መሆናቸውን እያሰበ፣ ቃሉ ጉሮሮውን ከፍቶ ወጣ።

"ኦጎላ!"

ያለ ሜጋፎን ነው፤ ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። አስተጋብቶ ሳያልቅ በእጁ የነበረውን ቆረቆንዳ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ግንባሩን አገኘው።

ኦጎላ ግንባሩን ይዞ ሳቀ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ። "ድምፅዎ አሁንም አለ፣ ጃዱዎንግ! ክንድዎም አለ!" ብሎ ሳይጨርስ ወደ ውስጥ ጎተቱት፣ መስኮቱ ተዘጋ። አውቶቡሱም ቀስ በቀስ መንገድ አግኝቶ ሄደ።

ሚን አዊቲ ኦንዲጎ ፊት መጥታ ቆመች። ሞተረኛውና ሌሎቹም ከኋላዋ ናቸው።

"መለስክለት" አለች።

"መታሁት።"

"መጀመሪያ ግን መለስክለት።"

"ከዚያ መታሁት። ግንባሩን።"

ሚን አዊቲ ይህን መዝና ፈረደች። ከዚያ ሜጋፎኑን ከብብቷ አውጥታ ደረቱ ላይ ገፋችው።

"እሁድ ይዘኸው ና። ለኦሙጋም አዲስ ስም አውጣለት" አለች። "ሰልባጅ መሸጥ የኔ ሥራ ነው።"