የጥፍር ውፍረት ያህል

መኪናው በተመለሰበት ቀን ሽማግሌው መካኒክ ጋራዡን ጥለው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸው። እውነቴን ነው። ጃኬታቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርደው በጓሮ በር በኩል አንድ እግራቸውን አውጥተው ነበር። ምራታቸው ከፊት ለፊት «አባባ!» ብላ ስትጣራ ግን ያ የወጣው እግር ተመለሰ።

«አቤት ልጄ፤ አለሁ።»

ካቢናውን ሌላ ቦታ አስጠግና፣ ቀለም አስቀብታ ነው ያመጣችው። ከአራት ወር በፊት ዳገት ላይ ወደኋላ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ የተገለበጠው፣ የእሷን ባል፣ የእሳቸውን አንድያ ልጅ የበላው የጭነት መኪና፣ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ታጥቦ፣ አምሮበት በሩ ላይ ቆመ። ተሳቢው ከኋላው ተቀጥሏል። ነድቶ ያመጣው ወንድሟ ነው፤ ትከሻው የሰፋ፣ ወሬ የማያበዛ ሹፌር። ሰላም ካላቸው በኋላ የተሳቢውን ጎማዎች በእግሩ እየመታ ሊያይ ወደኋላ ሄደ።

«ሰኞ ሥራ ይጀምራል» አለች። «ያው ሲሚንቶ ነው፤ መንገዱም ያው ነው።»

«ያ... ያ ዳገት?»

«ሌላ መንገድ የት አለ አባባ? ዘይቱንና ፊልትሮውን ብቻ ይቀይሩልን። ፖምፓውን ማንም እንዳይነካው። ለእሱ እንዳስተካከሉለት ይሁን፤ ወንድሜም በእጅዎ ሥራ ይሂድ።» ኮፈኑን ራሷ ከፈተችና ጎንበስ ብላ የናፍጣው ፖምፓ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ በጣቷ ነካችው። «ይቺን ጭረት አሳይቶኛል እኮ። ‹የአባዬ ፊርማ ናት፤ ከዚህች ዝንፍ ያደረጋት ሰው ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው› ይል ነበር።»

ሽማግሌው ጃኬታቸውን መልሰው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

ሹፌሮች «ጆሮው» ነው የሚሏቸው። መኪና ገና ከበር ሲገባ ሰምተው «ሦስተኛው ኖዝል ያንጠባጥባል» የሚሉ ሰው ናቸው፤ ሲፈታም ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ሲያሞግሷቸው «ተዉኝ እባካችሁ፣ ሚስቴ ሠላሳ ዓመት ስትነግረኝ አንድም ቀን አልሰማኋትም» እያሉ ያሾፉ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ይህን ቀልድ ትተውታል። የቀራቸው ያ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ሹፌር ሆነ። መንገድ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ እህል አይወርድላቸውም ነበር።

ታዲያ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ልጁ ተሳቢ አስቀጥሎ እየሳቀ መጣ።

«አባዬ፣ ታይሚንጉን ትንሽ አስቀድምልኝ። ለብቻው ሲሆን ደህና ነው፤ ይሄ ሲቀጠልበት ግን ዳገት ላይ ይለግምብኛል።»

ልክ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታይሚንግ የሚሉት ናፍጣው ሞተሩ ውስጥ የሚረጭበት ቅጽበት ነው፤ ፒስቶኑ ላይ ወጥቶ ጫፍ ሳይደርስ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲረጭ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል። ካበዙት ያንኳኳል፤ ብረት ይሰነጥቃል። ካዘገዩት ደግሞ ይጨሳል፣ ይግላል፣ ጭነት ሲበዛበት እጁን ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፖምፓውን የጥፍር ውፍረት ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ በማዞር ነው። ለጆሮው ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሠሩት ሥራ ነው።

እና ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሞኝ! እንዲህ ያለውን ሞኝነት አባት እንጂ ጠላት አያስበውም። በዚያው ሰሞን ሁለት ሹፌሮች «ልጅዎ መንገድ ላይ ይበራል፤ ይምከሩት» ብለዋቸው ነበር። መምከሩን ትተው ፖምፓውን ያሰሩትን ሦስት ዳዶዎች አላሉና ማስቀደም ሲገባቸው አዘገዩት። ጉልበት ካጣ አይበርም፤ ዳገቱ ካቃተው ተሳቢውን ራሱ ፈትቶ ያስቀምጠዋል፤ እስኪሰክን አንድ ዓመት እንዲህ ይቆይልኝ አሉ በሆዳቸው። ዳዶዎቹን አጠበቁ፣ በመሮ ጫፍ ፖምፓውና ሞተሩ ላይ የምትገጥም አዲስ ጭረት ጫሩ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«በቃ፣ ለተሳቢ ሆኗል» አሉት።

ልጁ ነድቶ ሞክሮት ተመለሰ። «አባዬ፣ ከበፊቱ የከበደ አይመስልህም?»

«ገና ነው። ሲጫንበት ይፍታታል።»

ሲጫንበት ይፍታታል! ሹፌር ሁሉ በጆሯቸው የሚምልባቸው እኚያ ሰው፣ ሞተሩ ሲያቃስት እየሰሙ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ለገዛ ልጃቸው እንዲህ አሉት። እሱም አመናቸው። አባዬ ካለ አለ ነው።

በሳምንቱ፣ ዳገቱ መሃል ላይ፣ ሞተሩ ግሎ ጠፋ። መንገዱ በዝናብ ርሷል። ፍሬኑ ጎማዎቹን ቢይዝም ሲሚንቶ የሞላው ተሳቢ መኪናውን እየጎተተ ወደኋላ ይዞት ወረደ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ከአቅም በላይ ጭኖ ነው» አለ። ሽማግሌው ሰሙ፤ ዝም አሉ። አራት ወር ሙሉ ዝም አሉ።

አሁን ምራታቸው ኮፈኑ ሥር እንደቆመች ናት። ምናልባት ዞር ስትል ፖምፓውን በልኩ አድርጌ ዝም ብል ብለው አሰቡ። ግን ጭረቷ አትገጥምም፤ እሷ ደግሞ ጭረቷን ታውቃታለች። ይህን እያወጡና እያወረዱ ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አባባ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። የዚያን ቀን ጠዋት ‹መኪናው ከብዶኛል፤ ተሳቢውን ትቼው ልሂድ እንዴ?› ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ‹አባባ ሠርተውልህ የለ እንዴ፣ ምን ያስፈራሃል?› ያልኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ልጅቷ ከስታለች፤ የእጅ ሰዓቷ እስከ ክንዷ ይንሸራተታል። እስከዛሬ ሐዘን ነው ብለው ነበር ያለፉት።

«ተዪ። አንቺ አይደለሽም።»

«እኔ ነኝ እንጂ አባባ፤ ትቼው ልሂድ ሲለኝ...»

«አይደለሽም አልኩሽ!» ጮኹ። ወንድሟ ከጎማው ቀና አለ። «እኔ ነኝ። አላስቀደምኩለትም። አዘገየሁበት። እንዳይበር ብዬ፣ እንዲኖርልኝ ብዬ ጉልበት ነሣሁት። ከብዶኛል ሲለኝም ዋሸሁት።»

ትጮኻለች፣ ባገኘችው ነገር ትመታኛለች ብለው ነበር። ብትመታቸው በወደዱ። እሷ ግን ወደ ጭረቷ ዞረች።

«ምን ያህል ነው?»

«የጥፍር ውፍረት ያህል።»

የአውራ ጣቷን ጥፍር ወደ ጭረቷ አስጠጋች። «ይቺን ያህል?»

«ይቺን ያህል።»

«ከዳገቱ ሥር ሆኖ ደውሎልኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹በጣም እየጨሰ ነው፤ ግን አባዬ ሲጫንበት ይፍታታል ብሎኛል› አለኝ።»

ሽማግሌው የመፍቻ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አሉና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። አላባበለቻቸውም። ወንድሟ ቀረብ ብሎ ቆመ፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለቅሷቸው እስኪወጣላቸው ጠበቀችና «ይነሡ» አለቻቸው። «ለልጅዎ ሊያደርጉለት የሚገባዎትን ለወንድሜ ያድርጉለት።»

ተነሡ። መፍቻውን አንሥተው ሦስቱን ዳዶዎች አላሉ። ፖምፓውን አዞሩ፣ አጠበቁ፣ ካቢናው ላይ የወጣውን ወንድሟን «አስነሣው» አሉት። ሰሙ። «አጥፋው።» ፀጉር ያህል መለሱት። «አስነሣው።» ጭሱ ሳሳ፤ ማቃሰቱ ጠፋ። ወንድሟ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርገው ሞተሩ ሳያንገራግር ታዘዘ። ለዓመታት እንዲህ የጠራ ሞተር ከእጃቸው አልወጣም።

«እንዲህ እንዲሆንለት ነበር የለመነዎት?» አለች።

«እንዲህ።»

የእጅ ሰዓቷን አየች። «ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም እኮ።»

ኮፈኑን ዘግታ ካቢናው ላይ ወጣችና በሩን ሳበችው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል፣ አክብራ፣ ሳትቆጣ፦

«እናመሰግናለን ጋሼ» አለች።

ጋሼ። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ከአባባ ሌላ ጠርታቸው አታውቅም ነበር። አሁን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጋሼ አለቻቸው።

መኪናው ተሳቢውን እየጎተተ ከግቢው ወጣ፤ ከጋራዡ ፊት ያለችውን አቀበትም ማርሽ ሳይቀንስ ጨረሳት። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጡት። ምንም እንከን አልነበረበትም።