ደርቡና የወለተ ሥላሴ ቤት

ባሌን ስፈታ እንዲህ አላመነታሁም። ሽማግሌዎቹ ገና ወንበር ሳይዙ «እኔ ጨርሻለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ቤት መግዛት ግን ሌላ ጣጣ ነው። እኔና እናቴ የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ እንደሚፈርስ ከተነገረን ወዲህ፣ ከጨርቅ ሱቄ በወጣሁ ቁጥር እግሬ ወደ ሁለት ቤቶች ይወስደኝ ጀመር። ሁለቱም እዚሁ ደባርቅ ናቸው፤ ዋጋቸውም ይቀራረባል። ልቤ ያለው ግን አንዱ ጋ ብቻ ነበር።

እሱም የግራዝማች ደርብ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ሆኖ ክንድ ሙሉ ይወፍራል፤ ላይኛውን ክፍል የተሸከመው የዋንዛ አግዳሚ ነው፤ የሚወጣውም በውጭ በኩል ባለ የእንጨት ደረጃ ነው። ያሠሩት የግራዝማች አባት ናቸው የሚል አለ፤ የለም አያታቸው ናቸው የሚልም አለ። ደባርቅ ውስጥ ዕድሜ የማይጨመርለት ድንጋይ የለም። ከላይ አንድ መስኮት አለው፣ ወደ ሰሜን የሚያይ።

ያን መስኮት ከልጅነቴ ጀምሮ እመኘዋለሁ። አባቴ ጠይብ፣ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ወዳለችው ቆላ፣ ድብ ባሕር እየወረደ ይነግድ ነበር፤ ጨርቅና ሳሙና ይዞ ይወርዳል፣ በርበሬ ይዞ ይመለሳል። በሚመለስበት ቀን ከደርቡ ሥር ቆሜ ሽቅብ እጣራለሁ። የግራዝማች ልጅ መስከረም ብቅ ትላለች። ከእሷ በኩል መንገዱ ከሊማሊሞ አፋፍ ሲወጣ ይታያል፤ ከእኔ በኩል የሚታየው አጥር ነው።

«መስከረም! መኪና ይታይሻል?»

«ገና ነው!»

«መጣ!» ያለችኝ ቀን እግሬ መሬት አይነካም ነበር። አንድ ክረምት ግን «ገና ነው» እንዳለች ቀረ። አባቴን ወባ ያዘውና እዚያው ድብ ባሕር ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። መስከረም ጎንደር አግብታ ሄደች፣ ግራዝማችም አረፉ። እኔ አንድ ቀን እንኳ በዚያ መስኮት አላየሁም። አሁን ቢያዩበት የሚመጣ ሰው እንደሌለ ጠፍቶኝ አይደለም። ቢሆንም በራሴ ዓይን ማየት እፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ቤት የእማማ ወለተ ሥላሴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ባላቸው የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ሳሉ ያሠሩት አራት ማዕዘን ቤት፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት ሁለት መስኮት። አለቀ። ቆርቆሮው አንድ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ አሁን ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ደላላው ፀጋው «ልዩ ቤት ነው» ሲለኝ «በምኑ?» አልኩት። አሰበ። ራሱን አከከ።

«ውሃ አለው» አለኝ።

«ደርቡስ?»

«ደርቡንማ የሚገዛ እብድ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው ያብጣል። ግን ለሎጅ የሚፈልገው ሰው አለና ቶሎ ወስኚ።»

ደላላ መቼም ሌላ ገዢ አጥቶ አያውቅም።

እናቴን ዙሀራን «የቱ ይሻላል?» ብዬ ብጠይቃት «የወደድሽውን» አለችኝ። እናቴ የወደድሽውን ስትል ሌላ የምትወደው ነገር እንዳላት ማወቅ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ደርቡን ላሳያት ወሰድኳት። ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷልና ደረጃው ሥር ደርሳ ቆመች። «ምድር ቤቱ ይበቃኛል፤ አንቺ እይልኝ» አለች። ወጣሁ። መስኮቱን ስከፍተው ማጠፊያው አቃሰተ፣ አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መንገዱ ከአፋፉ ወጥቶ፣ የገብሱን ማሳ ቆርጦ፣ እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆሜ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ከገደሉ ጫፍ ብቅ አለ። አፌን ከፍቼ «መጣ!» ልል ነበር። የአርባ ዓመት ሴት ነኝ፤ በገዛ እጄ አፌን ያዝኩት። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ወርጄ «እማ፣ ይህን ነው የምገዛው» ልላት ስል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች።

«አሳመመሽ?»

«ምንም አይል። ያንንም ለወጉ እንየው እንጂ፤ ወለተ እንዳትቀየመን።»

ለወጉ ሄድን። እማማ ወለተ ሥላሴ ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ልጃቸው ጎንደር ሊወስዳቸው ነው፤ ቤቱን የሚሸጡትም ለዚህ ነው። እናቴ ከበሩ ላይ «ቤቶች!» እንኳ ሳትል ገባች። አዳራሹን አቋርጣ፣ ጓዳውን አልፋ፣ ከጀርባ ያለችው ጨለማ ክፍል ገብታ ወደ መደርደሪያው እጇን ሰደደች። ሳታይ አንድ የሸክላ ድስት አወረደች። የራሷ ነው።

በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ለቅሶውም ሠርጉም አንድ ነው፤ ሥጋ ላይ ግን ይለያያል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ የደገሰ ሰው ለሌላው ወገን በግ ለብቻ ያዘጋጃል፤ አራጁም፣ ድስቱም፣ ጭልፋውም የራሱ የወገኑ ነው። እማማ ወለተ ሥላሴ በደገሱ ቁጥር፣ ጥምቀት ይሁን ፋሲካ፣ ለሙስሊሞቹ የምትሠራው እናቴ ነበረች፤ የምትሠራውም እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። የእናቴ ጉልበት እምቢ ብሎ ድግስ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ድስቶቹ ግን ታጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው፣ ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«አንቺ ሴት፣ ይህን ሁሉ ዘመን አልጣልሽውም?» አለች እናቴ።

«ምን በወጣኝ! ያንቺን ዕቃ ጥዬ ከማን ጋር ልስቅ?» አሉ እማማ ወለተ ሥላሴ፣ በግድግዳው እየተመሩ ወደ እኛ ሲመጡ። ሁለቱ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ የሞተ አራጅ እያነሡ ሲስቁ፣ እኔ በር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። እዚያች ሳጥን የመሰለች ቤት ውስጥ ሳትደናቀፍ፣ ደረጃ ሳትፈራ፣ የት ምን እንዳለ ሳትጠይቅ ትሄዳለች። ገባኝ። ተናደድኩም፤ ለምን ገባኝ ብዬ። ማታውኑ ለፀጋው «የወለተ ሥላሴን ቤት» አልኩት። ድምፄ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

ውል ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው እማማ ወለተ ሥላሴ ዕቃቸውን ጠቀለሉ። እናቴ ልትሰናበት ሄዳ ስትመለስ ድስቶቿን በጨርቅ አዝላ ነበር። ጭኗ ላይ አድርጋቸው ተቀመጠች።

«ያን ቤት አልፈልገውም» አለችኝ።

«ምን?»

«ደርቡን ግዢ። ምድር ቤቱ ይበቃኛል ብዬሽ የለ።»

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እናቴ ራሷ እምቢ ብላለች፤ ማን ይወቅሰኛል? ነጠላዬን አንስቼ ወደ ፀጋው ልሮጥ በሩ ላይ ደረስኩ። ዞር ስል አንዱን ድስት በመዳፏ ታብሰዋለች። ንጹሕ ነው፤ የሚታበስ ነገር የለውም።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ዕቃዬን መለሰችልኝ» አለች። «ሰው የሰውን ዕቃ የሚመልሰው መቼ ነው? ከእንግዲህ አንገናኝም ሲል አይደለም? እጄ ላይ አስቀምጣ ‹ያንቺ ይኸው ነው፣ ሌላ የለሽም› አለችኝ። ሌላ የለሽም! ወለተ የሌለችበትን ቤት ምን ላደርገው ነው?»

እንባዋ ድስቱ ላይ ጠብ አለ። ወደ ፀጋው ቤት የሚወስደው መንገድ በቀኝ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ተራመድኩ። ሁለተኛ ጊዜ ራሴን ሰደብኩና ወደ ግራ ዞርኩ።

እማማ ወለተ ሥላሴ የታሰረ ሸክም ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሆነውን ስነግራቸው ደረታቸውን መቱ።

«በሥላሴ! እኔ እኮ ጫኞቹ ሲያጓጉዙ ከኔ ዕቃ ጋር እንዳይነካካባት ብዬ ነው! ያን ሁሉ ዘመን ጠብቄ በመጨረሻው ቀን ላረክስባት ነው? ‹ሌላ የለሽም› ማለቴ ተቆጥሮ አልቋል ማለቴ ነበር።»

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አልኩ።

«ምን፣ የኔ ልጅ?»

«የእርስዎን ድስት ይተዉልን።»

«የኔን? ምን ሊያደርግላችሁ?»

«ከነገ ጀምሮ የዚህ ቤት ባለቤት እማ ናት፤ እንግዳዋ እርስዎ ነዎት። አረፋ ሲደርስ የእርስዎ በግ በምን ሊሠራ ነው?»

ከሸክሙ ላይ ተነሡ። ከዚያ በጣታቸው እየዳሰሱ የሸክሙን ገመድ መፍታት ጀመሩ። አላስቻለኝም፤ እኔም ፈታሁላቸው። ትልቁን ድስት፣ ጭልፋውን፣ የወጥ ማውጫውን በእጃቸው እዚያች ክፍል ወስደው ደረደሩ። እናቴ በማግስቱ ገብታ አየችው፤ ነጭ ጨርቅ ፈልጋ ሸፈነችው።

ደርቡን የሎጁ ሰውዬ ገዛው። ለካ ፀጋው አንድ ቀን እውነት ተናግሮ ኖሯል። በሱቄ መንገድ ስለሆነ በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ፤ በየቀኑም ቀና ብዬ አያለሁ። ትለምጂዋለሽ ይሉኛል። አልለመድኩትም።

አረፋ ደረሰ። ጎረቤታችን አለምነህ ለክርስቲያኖቹ በግ አረደ፤ ባለቤቱ ፍቅርአዲስ በእማማ ወለተ ሥላሴ ድስት ወጥ ሠራች። የጠራናቸው ሁሉ መጡ፤ እሳቸው ግን አልመጡም። ልጃቸው ደውሎ «ዓይናቸውን ታክመዋል፤ ሐኪሙ መንገድ ከልክሏቸዋል» አለን። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «የሚቀጥለው አረፋ ሩቅ አይደለም፤ ድስትሽ አይጠፋም» ስትላቸው ሰማሁ። የሚቀጥለው አረፋ ለሁለት አሮጊቶች ሩቅ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

እንግዳው ሲበተን በራፍ ላይ ፀሐይ ልንሞቅ ወጣን። ስለ ወለተ የምታወራኝ መስሎኝ ነበር።

«ያን ቀን ደርቡ ላይ ስትወጪ» አለች፣ «ከታች ሆኜ ፊትሽን አይ ነበር።»

«እንዴት ነበር ፊቴ?» አልኩ ለቀልድ።

«አባትሽን ስትጠብቂ የነበረው ፊት ነው።»

እናቴ አላቆመችም።

«‹ግዢው› ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወለተን አሰብኩና ዋጥኩት። ጉልበቴን ሳሽ አየሽኝ እንጂ ያን ቀንስ ጉልበቴ ደህና ነበር።» እጄን ያዘች። እጇ የድግስ ሽንኩርት ይሸታል። «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ። ከዚያ መስኮት የጠይብ መንገድ ይታያል?»

ዓይኗን አየሁት፤ እውነቱን የሚችል ዓይን አልነበረም።

«አፋፉን ጉም ሸፍኖት ነበር፣ እማ» አልኳት። «ምንም አይታይም።»