የእቃቃው ጥግ

ያችን ጥግ ለማግኘት ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቄያለሁ። ሞግዚት ከሆንኩበት የሕፃናት ማቆያ ዳይሬክተር ጋር ዓይንና ናጫ የሆንነው በእሷ ነው። ዳይሬክተሯ ፍራሽ ዘርግታ ስድስት ልጆች ልትጨምርባት ታስባለች፤ እኔ ደግሞ ካርቶን፣ ያረጀ ጫማ፣ የተሰበረ ስልክና ባዶ ጣሳ ለቃቅሜ ልጆቹ እቃቃ የሚጫወቱባት አደረግኋት። «ልጅ ከራሱ አውጥቶ ካልተጫወተ ምኑን ልጅ ሆነ?» እላታለሁ። «ቆሻሻ ነው» ትለኛለች። በመጨረሻ ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ተቆጣጣሪ ይፍረደን ተባባልን። ከወደደው ጥጉ ይቆያል፤ ካልወደደው ካርቶኔን ተሸክሜ ወደ ቤቴ።

ሰውየው ሐሙስ ጠዋት መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከልጆቹ ወንበር አንዷን ስቦ ቁጭ አለ፤ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ዳይሬክተሯ ከጎኑ ቆመች።

«በሉ እንግዲህ፣ የፈለጋችሁትን ተጫወቱ» አልኳቸው። ሐኪም ቤት ወይ አውቶቡስ ይጫወታሉ ብዬ ነበር። ትናንት ወንበሩን ሁሉ ደርድረው አውቶቡስ ሠርተው፣ ሾፌሩ «ጎማ ፈነዳ፣ ውረዱና ግፉ» ሲላቸው በሳቅ ሞቼ ነበር።

ምላሴ ግን ሌላ አሰበች። ምላሴ የምንላት የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ አፏ ግን የአርባ ነው። «ዛሬ ሞግዚት ሞግዚት ነው የምንጫወተው» አለችና ሽርጤን ከሚስማሩ ጎትታ አወረደች። ታጠቀችው፤ መሬት ይጠርጋል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ጆሮዬን በላችሁት እኮ» አለች። ቁርጥ እኔን። ተቆጣጣሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል።

ልጆቹን ካርቶን ላይ አስተኛቻቸው። «ዓይን ጨፍኑ። የከፈተ ወዮለት።» ከዚያ ባዶውን ጣሳ አንስታ ድምቡሼ የተኛችበት ካርቶን ላይ ውሃ የምትደፋ አስመሰለች። ድምቡሼ ጉንጯ የሚቆነጠጥ፣ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ልጅ ናት።

«አሁንም ሸናሽ? አሁንም? አታፍሪም አንቺ?» ብላ ክንዷን ይዛ አስነሳቻትና በሩ ጀርባ ወሰደቻት። «ሱሪሽ እስኪደርቅ ንቅንቅ እንዳትይ። ማንም እንዳያናግራት።»

ድምቡሼ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ማክሰኞ ነበር። ባልደረባዬ ታምማ ቀርታ ሃያ ስምንቱንም ብቻዬን ይዣለሁ፤ የድምቡሼን ፍራሽ በዚያ ሳምንት ሁለቴ አጥቤዋለሁ። አምስት ደቂቃ ብዬ ነው እዚያው በሩ ጀርባ ያቆምኳት። በመሐል አንዱ ወደቀ፣ አንዷ አስመለሳት፣ እኔም እርግፍ አድርጌ ረሳኋት። ትዝ ያለችኝ ማታ እናቷ ልትወስዳት በሩን ስትገፋ ነው። ያን ጊዜ ለእናቷ ያልኩትን ከእሷ ሌላ የሰማ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

አንዷ ልጅ የተሰበረውን ስልክ ብብቷ ውስጥ ወሽቃ መጣች። «ልጄ የት አለች?»

ምላሴ ድምጿን ማር አደረገችው። «ድብብቆሽ እየተጫወተች ነው፣ እናትዬ። እንዴት ጎበዝ ተደባቂ መሰለችሽ።»

ቃሉ የእኔ ነው፤ አንድም አልጎደለም።

ተቆጣጣሪው አጨበጨበ። «ስንት ቦታ ዞሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ፈጠራ አላየሁም» አለ። ዳይሬክተሯ ግን አላጨበጨበችም። በሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ገብቷታል። አሁን ትናገራለች አልኩ በልቤ። ሰውየው «በጣም ጥሩ» ብሎ ሲጽፍ ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለችለት።

«ይሄን ማን አስተማራቸው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

መናገር ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥጉ ግን ይሄዳል፤ እኔም እሄዳለሁ።

«ማንም አላስተማራቸውም» አልኩት። «ከራሳቸው አውጥተው ነው።»

ጥጉ ጸደቀ። እንዲያውም ለሌሎች ማቆያዎች ምሳሌ ይሆናል ብሎ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ዳይሬክተሯ ልትሸኘው ወጣች። ልጆቹ ካርቶኑን ትተው ወደ መክሰሳቸው ሮጡ፤ ምላሴ ሽርጤን ጣለችልኝ።

ድምቡሼ አሁንም በሩ ጀርባ ነበረች። ሄጄ ተንበረከክሁ። «ነይ የእኔ እናት፣ ጨዋታው አልቋል።»

አልዞረችም። «ሱሪዬ አልደረቀም» አለች።

ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።