መርዶ ያልደረሰው ቤት

የሰፈራችን ነዋሪ ሁሉ ይወቀው ዘንድ፦ ማክሰኞ ጠዋት መምህር ያርጋል ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ከቤቱ ወጣ።

ደባርቅ ላይ ካፖርት መቆለፍ ወሬ አይደለም። ውርጩ ጎመን የሚያጠቁር አገር ነው፤ ወሬ የሚሆነው ያልቆለፈ ሰው ነው። መምህሩ ግን ፀሐይ ከወጣችም በኋላ አልፈታውም። እኩለ ቀን ላይ ሰዉ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እሱ ላቡ በግንባሩ እየወረደ እንደተቆለፈ ነበር። "ጉንፋን ይዞኛል" አለን። አመንነው። በዚያ ሰሞን የተባልነውን ሁሉ ማመን ሥራችን ሆኖ ነበር።

ልጁ ሠርካለም ዛሪማ ውስጥ ነርስ ናት። መንገዱ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ ብሎ የጠየቀ የለም። ስልኩም አብሮት ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት የሰማነው የመጨረሻ ቃሏ "መኪና ካገኘሁ እመጣለሁ" የሚል ነበር። መኪና ማግኘት ደግ ነገር ይመስላል። በዛሪማና በደባርቅ መካከል ግን ሊማሊሞ አለ፤ ገደሉን ያየ ያውቀዋል።

ሾፌሩ ቢራራ እንደምንም ያን ዳገት ወጥቶ ሲመጣ ወደ መምህሩ ቤት አልሄደም። የሄደው ወደ እትዬ ጤናዬ ነው፤ የእድራችን ዳኛ ናት። አንድ የጭነት መኪና ገደል ገብቷል አላት። ከጭነቱ ላይ ሰው ነበረበት፤ የሞቱትን፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያውቁ፣ የታች አገር ሰዎች እዚያው ቀብረዋቸዋል። ከዚያ ከቁጥቋጦ ላይ ያነሳውን ቀይ ቦርሳ ከፊቷ አስቀመጠው። የሠርካለም ነው። እንዲያ ያለ ቀይ እኛ ሰፈር ሌላ የለም።

ጤናዬ ቦርሳውን አልጋ ሥር ከተተችው። ለእያንዳንዳችን ለብቻ ነገረችን፤ እያንዳንዳችንም ለማንም ላንናገር ማልን። ሳይመሽ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከሁለት ሰዎች በቀር።

መርዶ በእኛ ዘንድ በችኮላ አይነገርም። በማለዳ፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ተሰብስቦ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ እንዳላወቀ ይስቃል። ስለዚህ ልጁ መንገድ ላይ የቀረችበት ሰው ማለዳን ይፈራል። የመምህሩም የበር መወርወሪያ ሲንኳኳ ፊቱ አመድ ይሆን ጀመር። እኛም እንዳናስደነግጠው ብለን አንድ አንድ እየሆንን፣ ረፈድ አድርገን፣ ከሩቅ እየሳቅን እንገባለን። ሦስት ሆነን በደጃፉ አናልፍም። ብቻውን እየሳቀ የሚመጣ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ሰኞ ከሰዓት መምህሩ ጤናዬ ቤት ጎራ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የቦርሳው ማንገቻ ወጣ ብሎ ከጫማው አጠገብ ተጋድሟል። ጤናዬ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

"አላየም" ትላለች። "ስለ ገብሱ ነው ያወራኝ። ስቆ ነው የወጣ።"

ማክሰኞ ካፖርቱ ተቆለፈ።

ረቡዕ ዕለት መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ብቻቸውን፣ ረፈድ አድርገው ገቡ። እኔ ቀድሜ ስቄ ገብቼ ነበር። የመምህሩ ሚስት ትሕትና ደጁ ላይ ምስር ትለቅማለች። ሌላው ወሬ ሁሉ ወደ ሊማሊሞ ስለሚወስድ መሪጌታ ሩቅ ነው ያሉትን ወሬ መረጡ።

"እስኪ ያን የፊዚክስ ነገርህን አጫውተኝ" አሉት። "የማይታረቁት ሁለቱ እነማን ነበሩ?"

"ሪላቲቪቲና ኳንተም ናቸው፣ መሪጌታ። ሪላቲቪቲ ትልቁን ይገዛል፤ ተራራውን፣ ኮከቡን። በእሱ ዘንድ የሆነው ሁሉ ሆኗል። ዛሪማ ላይ የሆነ ነገር ካለ፣ እኔ አወቅሁ አላወቅሁ፣ ሆኖ ተቀምጧል። መንገድ ላይ ያለው ወሬው ብቻ ነው። ከብርሃን ፈጥኖ የሚደርስ ወሬ ደግሞ የለም።"

"ስልክ ሲጠፋስ?"

"ስልክ ሲጠፋ ከበቅሎ ፈጥኖ የሚደርስ የለም።"

"ሁለተኛውስ?"

"ኳንተም ትንሹን ይገዛል፤ ከብናኝ ያነሰውን። በእሱ ዘንድ ያልታየ ነገር ገና አልቆረጠም። እዚህም ነው፣ እዚያም ነው። አይተው ሲለኩት ነው አንዱን የሚሆነው።"

ትሕትና እጇን ከምስሩ አነሳች። "ካላዩት ይሻላላ" አለች።

"ካላዩት አልተቆረጠም።" ለእሷ ሲናገር ድምፁ እንደ ክፍል ውስጥ ጠነከረ። "ሠርካለምም እንደዚያ ናት። ምንም የተቆረጠ ነገር የለም። ምስርሽን ልቀሚ።"

ትሕትና አመነችው። ፊቷ ላይ አየሁት፤ ምስሯንም ወደ መልቀሙ ተመለሰች።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኛ ሁለት ትርጓሜ ሲጣላብን አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ብለን ሁለቱንም እናቆማቸዋለን። የእናንተ ሊቃውንት እንደዚያ ቢያስታርቁትስ?"

"ትልቁ ከትልቅ፣ ትንሹ ከትንሽ እስካለ ተቻችለው ይኖራሉ። ጭንቁ በጣም ትንሽ ሆኖ በጣም የከበደ ነገር የመጣ ጊዜ ነው። ያኔ ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ። ሁለቱን ደርበው ሲያሰሉት ቁጥሩ መጨረሻ ያጣል። እሱ መልስ አይደለም፣ መሪጌታ። ሒሳቡ እየጮኸ ነው።"

"እንዲያ ያለ ነገር የት ይገኛል?"

"ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ" አለ። እጁ ሳያውቀው የካፖርቱን የላይኛውን ቁልፍ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሲንሿሿ ብቻ ነው።

ዓርብ ጤናዬ ቤት ተሰበሰብን፤ አንድ አንድ እየሆንን።

"ሬሳ አላየንም" አሉ መሪጌታ።

"ቦርሳ አይተናል!"

"ቦርሳ ሰው አይደለም።"

"እርስዎንም ኳንተም ያዘዎት!" አለች ጤናዬ። ማንም አልሳቀም፤ በዚያ ሳምንት ስንስቅ ሰንብተን ሳቃችን ያለቀ ይመስላል። "እናቲቱ ልጄ ስትመጣ ትበላዋለች ብላ ሽሮ እያስፈጨች ነው። እኔ ከዚህ በላይ ዓይኗን አላይም።"

መሪጌታ አጎነበሱ። ለቅዳሜ ማለዳ ተቆረጠ።

ቅዳሜ ውርጩ መሬቱን ነጭ አድርጎት ነበር። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ መሪጌታን አስቀድመን ስንሄድ፣ ከእግራችን ሥር ሣሩ ሲሰበር ይሰማል። የሰፈሩ ውሾች አልጮኹብንም። ቢራራ ቦርሳውን በጋቢው ሸፍኖ ከመሃላችን ነበር። መወርወሪያውን የሚነካ አላስፈለገም፤ በሩ ክፍት ነው። መምህር ያርጋል ካፖርቱን ቆልፎ ደጁ ላይ ቆሟል። ለመቀበል የወጣ ሰው ይመስላል። እኛን አንድ በአንድ አየ፤ ነጠላችንን አየ። "ምነው?" አላለም።

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ።

ከኋላችን በቅሎ አናፋች። የዘገየ ለቀስተኛ መስሎን ዞር ያለ የለም።

"እንዴት አደራችሁ?" አለ ከኋላ የሴት ድምፅ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ በፍርሃት፣ "ማን ሞቶ ነው?"

ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ሠርካለም ናት፤ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጤናዬ አማተበች። ቢራራ ባለበት ቁጭ ሲል ጋቢው ተገለጠና ቀዩ ቦርሳ ታየ።

"ውይ፣ ቦርሳዬ ደረሰ?" አለች ሠርካለም። "መኪናው ሞልቶ እሱን ብቻ ጫንሁት። እኔ በቅሎ ነጂዎች እስኪነሱ ቀናት ጠብቄ ከእነሱ ጋር በአቋራጩ በእግር ነው የወጣሁ። ምነው ዝም አላችሁ? እማዬስ?"

ጤናዬ ወደ አጥሩ ፊቷን አዙራ ነጠላዋን ቀስ ብላ መገልበጥ ጀመረች። እኛም ተከተልናት።

መምህሩ ግን ሮጠ። እየሮጠ ካፖርቱን ከላዩ ሲገነጥል አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ውርጩ ላይ ተንከባለለ። ልጁን በሱ ጠቀለላት፣ አጥብቆ ያዛት፤ ከዚያ ለቅቋት ብርዱ ላይ ቆመ።

የለበሰው ጥቁር ሸሚዝ ነበር። አዲስ ነው፤ ብብቱና አንገቱ ላይ ግን የስንት ቀን ላብ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል።

ትሕትና ከጓዳ ወጥታ ልጇን አየች። ጮኻ አቀፈቻት፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ አገላብጣ ሳመቻት። ቀና ስትል ዓይኗ በልጇ ትከሻ ላይ አልፎ ሸሚዙ ላይ አረፈ፤ እዚያም ቆየ።

"መቼ ገዛኸው?" አለችው።