ካርዱ ላይ የተጻፈው ስልክ

ሥራ ቤት «ቁልፍ ሰፊዋ» ነበር የሚሏት። በልብስ ስፌቱ ቤት የሸሚዝ ቁልፍ የሚተከለው በእሷ እጅ ነው። እሷ የተከለችው ቁልፍ ሸሚዙ አልቆ እንኳ አይነቀልም ይባልላታል። በዚህ ዓለም ግን ከልቧ የምታምነው አንድ ሰው ብቻ ነበራት፤ ታላቅ እህቷ። እናታቸው ካለፈች ወዲህ ያሳደገቻት እሷው ናት። «እትዬ» ትላታለች፤ የምትኖረውም እትዬ ቤት፣ ከጓዳ ጎን ባለችው ክፍል ነው።

ያረገዘች ጊዜ ሰውየው ነገሩን በሰማ ማግስት ስልኩን ቀየረ። እሷም አስባ አስባ ጽንሱን ለማቋረጥ ወሰነች፤ ለእትዬም ነገረቻት። እትዬ አልጮኸችም። ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች፤ እስኪያልቅ ድረስም እጇን አልለቀቀችም። እንግዲህ ይሄንን መካድ ኃጢአት ነው፣ ልጆቼ።

የክፍሉን ነርስ ሴቶቹ «ሲስተር ብርድ ልብስ» ብለው ሰይመዋታል። ከሕክምናው የወጣችን ሴት መጀመሪያ እግሯን ትሸፍናለች፤ ቀጥላ ሙቅ ነገር ታጠጣለች። ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። «የበረደው ሰው የልቡን አያወራም» ትላለች።

ቁልፍ ሰፊዋ ከብርድ ልብሱ ሥር አለቀሰች።

«እኔው ነኝ የወሰንኩት፤ ታዲያ ምን ያስለቅሰኛል፣ ሲስተር?»

«የወሰነ ሰው አያለቅስም ያለሽ ማነው? አልቅሺ፣ ሳቂ፣ ከፈለግሽ ዝም በዪ። ሁሉም ያንቺ ነው። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብቻ።»

ከዚያ ምልክቶቹን በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻት፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መጥፎ ሽታ፣ በሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም። «ከነዚህ አንዱን ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ደግሞ በሦስተኛው ቀን እደውልልሻለሁ። ስለ ደሙ ብቻ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ስላንቺም ነው። በየትኛው ስልክ ላግኝሽ?»

ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። የቁልፍ ሰፊዋ ስልክ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ለቆ ካልሆነ አይሰማም። የስፌት ቤቱ ሴቶች «ሬዲዮኑ ጮኸ! ዝም በሉ፣ ዜና እንስማ!» እያሉ ይስቁበታል። በዚያ ስልክ እንዴት ይሄ ይወራል? የእትዬን ቁጥር ሰጠች። ነርሷም የሕክምና ካርዷ ላይ «እህት» ብላ ጻፈችው።

ሦስተኛው ቀን መሸ።

«እትዬ፣ ደወለች?»

«ማን?»

«ነርሷ።»

«ውይ የኔ ሞኝ! በቀን ስንቷን ያያሉ፤ አንቺን ለይተው ያስታውሱሻል?»

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ማታ ጠየቀች፤ መልሱ ያው ነበር። በአምስተኛው ቀን አምስት ቁልፍ ቀዳዳው በሚወጣበት ወገን ላይ ተክላ ተገኘች፤ በዕድሜዋ ሠርታው የማታውቀው ስህተት ነው።

«ምነው እቴ፣ ሸሚዙን ገልብጠን እንልበሰው?» አለች አጠገቧ የምትሰፋው። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ጥርሷ ግን በብርድ ይንገጫገጭ ነበር።

«እትዬ፣ አተኮሰኝ መሰለኝ። ዛሬም አልደወለችም?»

«ብርድ ነው። ይቺን ኪኒን ዋጪና ተኚ። አሁን ተመልሰሽ ሄደሽ ሰው ቢያይሽስ?»

አመነቻት። ሆድ የባሳት በነርሷ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ብቻሽን እንዳትሆኚ አለችኝ፤ አፍ ሲናገር ምን ይከብደዋል» ትላለች። ከትኩሳቱ ይልቅ ያ ነው ያንገበገባት።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ የምትሄድ መስላ ወጣችና ሐኪም ቤት ገባች። ሕክምናውስ ይቅር፤ ልትወቅሳት ነው የሄደችው። ነርሷ ግን ገና ስታያት ግንባሯን ዳሰሰች፤ አስተኝታም እግሯን ሸፈነች፤ ሙቀቷን ለካች፤ ሐኪሙንም ጠራች። መርፌ ከተወጋች በኋላ ነው ቁልፍ ሰፊዋ አፏን የከፈተችው።

«እደውላለሁ ብለሽኝ ነበር።»

ነርሷ ካርዱን አምጥታ ደረቷ ላይ አስቀመጠችላት። ይቺ ነርስ በደወለች ቁጥር ሰዓቱንና የተመለሰላትን ቃል እንዳለ ትጽፋለች። ሦስት መስመር ነበር፦

«ሦስተኛ ቀን፣ አራት ሰዓት። እህት፦ ደህና ናት፣ ተኝታለች።»

«አራተኛ ቀን፣ አራት ሰዓት። እህት፦ ደህና ናት፣ ሥራ ገብታለች።»

«አምስተኛ ቀን፣ ስምንት ሰዓት። እህት፦ መርሳት ትፈልጋለች። ራሷ ናት አትደውሉልኝ ያለችው።»

«የኔም ጥፋት አለበት» አለች ነርሷ። «ካንቺ አፍ ሳልሰማ ማቆም አልነበረብኝም።»

ቁልፍ ሰፊዋ ሦስተኛውን መስመር ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ሲባል እንጂ ሲደርስ እንዴት እንደሚያም ማን ይናገራል?

በዚህ መሃል ሬዲዮኑ ጮኸ።

«አንቺ የት ነሽ? ሥራ ቤት ደውዬ አልመጣችም አሉኝ እኮ!» የእትዬ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በሌሎቹ አልጋዎች ያሉት ሴቶች ቀና አሉ።

«እትዬ፣ ነርሷ ደውላ ነበር?»

«አሁንም እሱን? ስንቴ ልንገርሽ! ማን ያስታውስሻል?»

«አጠገቤ ናት።»

የእትዬ ድምፅ ወረደ። 

«ላንቺ ብዬ ነው። ቁስል ከነካኩት አይድንም። ደግሞ ባሌ አንድ ቀን ስልኩን ቢያነሳውስ? ቤቴ እንዳይፈርስ ፈራሁ።»

«ያተኮሰኝ ዕለትም ጠይቄሽ ነበር፣ እትዬ። ፊቴን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ።»

«እጅሽን የያዝኩት እኔ አይደለሁም?»

«ነሽ» አለች። «እሱ ነው የገደለኝ።» ስልኩን ዘጋች።

እስክሪብቶ ለምና «እህት» የሚለውን ሰረዘች፤ የራሷን ቁጥር ከሥሩ ጻፈች።

«ይሄኛው ይጮኻል እኮ» አለች ነርሷ።

«ይጩህ። ስትደውዪ መጀመሪያ ብቻዬን መሆኔን ጠይቂኝ፤ ካልሆንኩ ወደ ደጅ እወጣለሁ።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «እትዬ» ይላል በተሰነጠቀው መስታወት ላይ። አላነሳችውም፤ አልዘጋችውምም። ስልኩ እየጮኸ ሳለ ነርሷ ጎንበስ አለችና ከእግሯ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ መለሰችላት።